የአንዱ ቡና በሌላው ስም ሲገባ፦ የትሬድ ሎካል ችግሮችና መፍትሄያቸው

ይህ ጽሑፍ ዌብ ሲስተም ለሚሠሩ፣ በተለይ የራሳቸውን ፍሬምወርክ ለሚገነቡ ነው። ምሳሌዎቼን የምወስደው ከጅማ፣ ለቡና አቅራቢዎች ከሚሠራ የቅበላ ሲስተም ነው። መዛኙ በስልኩ ይገባል፣ የገበሬውን ስም ይመርጣል፣ ፈረሱላውን ይጽፋል፣ ደረሰኝ ይወጣል። ከኋላ ያለው ጃቫ ነው፤ ቶምካት በሚባል ዌብ ሰርቨር ላይ ይሠራል። ፓይተንና ዶትኔትንም ወደ ታች እነካካለሁ።

መጀመሪያ ትሬድ ሎካል ምን እንደሆነ ባጭሩ። ትሬድ ማለት ፕሮግራሙ ውስጥ ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር ነው። ቫሪያብሉ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ትሬድ ግን በውስጡ የራሱን ዋጋ ይይዛል። አንዱ ትሬድ ያስቀመጠውን ሌላው አያየውም። ፍሬምወርክ የሚሠራ ሰው ይወደዋል። «አሁን የገባው ተጠቃሚ ማን ነው?» የሚለውን ለየፈንክሽኑ በፓራሜትር ማቀበል ሳያስፈልገው ከየትም ቦታ ያገኘዋል። ስፕሪንግ የሚባለው የጃቫ ፍሬምወርክም የገባውን ተጠቃሚ በዲፎልት የሚይዘው በዚሁ ነው። ጃቫ ውስጥ ከጄዲኬ 1.2 ማለትም ከ1998 ጀምሮ አለ።

ከታች የማነሳቸው አብዛኞቹ ችግሮች ምንጫቸው አንድ ነው፦ ትሬድንና ሪኩዌስትን (ከስልኩ የሚመጣውን አንድ ጥያቄ) እንደ አንድ ነገር መቁጠር።

ምልክት፦ የአንዱ ሥራ በሌላው ስም ይመዘገባል

ከሁሉም የከፋው ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ።

ስልክ ይደወላል። «ወንድሜ፣ እኔ ያለሁት አጋሮ ነው፤ ደረሰኙ ላይ ግን የሰርቦው ልጅ ስም ነው የወጣው!» ሎጉ ሲታይ ምንም ኤረር የለም። ላፕቶፕ ላይ ሲሞከር ሁሉም ልክ ነው። ክረምቱን ሙሉ ማንም አላማረረም። እሸት ቡና ደርሶ ከየጣቢያው በአንድ ጊዜ መግባት ሲጀምር ግን ስልኩ ፋታ አይሰጥም።

መንስኤው ፑሉ ነው። ቶምካት ለእያንዳንዱ ሪኩዌስት አዲስ ትሬድ አይፈጥርም። በዲፎልት እስከ 200 የሚደርሱ ትሬዶች ያሉት ፑል አለው። ሪኩዌስቱ ሲያልቅ ትሬዱ አይሞትም፤ ወደ ፑሉ ተመልሶ ቀጣዩን ይጠብቃል። ውስጡ የቀረው ዋጋም አብሮት ይጠብቃል። የሊሙ ቡና የነበረበትን ኬሻ ሳያራግፉ የጌራ ቡና እንደመሙላት ነው።

አሁን ፊልተሩን፣ ማለትም ሪኩዌስቱ መጀመሪያ የሚያልፍበትን ኮድ፣ ከፍታችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ይሄን ነው፦ ቶክን (የገባው ሰው ማን እንደሆነ የሚያሳይ መለያ) ካለ ተጠቃሚውን አውጣ፣ ትሬድ ሎካሉ ላይ አስቀምጥ፣ ቀጥል። ቶክን ከሌለስ? ምንም አይደረግም። ምንም ካልተደረገ ደግሞ የቀደመው ሰው ስም እዚያው አለ።

ቶክን የሌለው ሪኩዌስት ከየት ይመጣል? ገጠር ጣቢያ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩ ምዝገባዎቹን ያጠራቅማል። ሲመለስ በመሣሪያው ቁልፍ ብቻ፣ ያለ ተጠቃሚ ቶክን፣ በጅምላ ይልካቸዋል። ሰርቪሱ የተጻፈው «የገባ ተጠቃሚ ከሌለ ምዝገባው ውስጥ ያለውን የመዛኝ ስም ውሰድ» ተብሎ ነው። ትሬዱ ንጹሕ ከሆነ ትክክለኛው ስም ይወጣል። ከአንድ ደቂቃ በፊት የሰርቦውን መዛኝ ያስተናገደ ትሬድ ከደረሰው ግን የሰርቦው ስም ይወጣል። ላፕቶፕ ላይ የማይታየውም ለዚህ ነው። ብቻውን የሚሞክር ሰው ትሬዱ ላይ የሚቀረው የራሱ ስም ስለሆነ ውጤቱ ሁሌም ልክ ይመስለዋል።

ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ሎጋችሁ የትሬዱን ስም እንዲጽፍ አድርጉ። ስህተት ያለበትን ምዝገባ ያስተናገደው ለምሳሌ ኤግዜክ-7 ከሆነ፣ በዚያው ትሬድ ስም ወደ ኋላ ፈልጉ። ከዚያ በፊት የገባው የሰርቦው መዛኝ ከሆነ ማስረጃው እጃችሁ ገባ። የተበላሹትን ደረሰኞች ለይቶ ለማረምም የሚያገለግለው ይኸው ነው። ማረሙ ደግሞ ግዴታ ነው። ማን እንደመዘነው የማይታወቅ ደረሰኝ በገበሬውና በአቅራቢው መካከል ጭቅጭቅ ያስነሳል።

መፍትሄው ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው የዛሬው ነው፦ ከሁሉም ውጭ ባለው ፊልተር ላይ፣ በፋይናሊ ብሎክ ውስጥ (ሥራው ቢሳካም ባይሳካም በሚሄደው ክፍል)፣ ዋጋውን የሚያጠፋውን ሪሙቭ የሚባል ፈንክሽን ጥሩ። ፋይናሊ ያልኩት ኤክሴፕሽን ሲነሳም እንዲጸዳ ነው። ከሁሉም ውጭ ያልኩት ደግሞ ከሱ ውጭ ያለ ሌላ ፊልተር ዋጋውን መልሶ እንዳያስቀምጥ ነው። ነል (ባዶ ዋጋ) ማስቀመጥ ሪሙቭን አይተካም። ነል ስታስቀምጡ ቦታው እንደተያዘ ይቀራል፤ የመነሻ ዋጋ የሚሰጠው ፈንክሽንም ድጋሚ አይጠራም።

ሁለተኛው ለፍሬምወርክ ጸሐፊ ነው፤ እኔ ዋናው መፍትሄ የምለው ይሄን ነው። ዋጋ የሚያስቀምጠውን «ሴት» የሚባል ፈንክሽንና ሪሙቭን ፍሬምወርካችሁን ለሚጠቀሙ ፕሮግራመሮች በፍጹም አትስጡ። ከሰጣችሁ አንዱ «ሴት»ን ጠርቶ ሪሙቭን ይረሳል፤ ጥያቄው መቼ የሚለው ብቻ ነው። በምትኩ «ይህን ሥራ በዚህ ተጠቃሚ ስም አስኪድ» የሚል አንድ ፈንክሽን ስጡ። ሥራውን እንደ ላምዳ (ስም አልባ ፈንክሽን) ይቀበላል። የነበረውን ዋጋ ይይዛል፣ አዲሱን ያስቀምጣል፣ ሥራውን ያስኬዳል፣ በፋይናሊ የነበረውን ይመልሳል። ቀድሞ ምንም ካልነበረ ሪሙቭ ያደርጋል። የነበረውን መመለሱ አይቅርባችሁ። ሥራ አስኪያጁ ገብቶ አንዱን መዛኝ ወክሎ ምዝገባ ሲያርም፣ የውስጠኛው ክፍል ሲያልቅ በጭፍን ሪሙቭ ካደረገ ቀሪው ሥራ ባለቤት አልባ ይሆናል።

ፈተናው ቀላል ነው። የቶምካትን ከፍተኛም ዝቅተኛም የትሬድ ቁጥር 1 በሉት። በአንድ ተጠቃሚ ቶክን ሪኩዌስት ላኩ። ቀጥሎ በመሣሪያ ቁልፍ ብቻ ላኩ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ስም ይዞ ከወጣ በሽታው አለ። ከዚያ የመጀመሪያው ሪኩዌስት ሆን ተብሎ ኤክሴፕሽን እንዲያነሳ አድርጋችሁ ድገሙት። ከአውቶማቲክ ፈተናዎቻችሁ ጋር አስገቡትና ሁልጊዜ ይሩጥ።

ምልክት፦ ከበስተኋላ በሚሄድ ሥራ ውስጥ ዋጋው ባዶ ነው

ደረሰኙ ከተቀመጠ በኋላ ለገበሬው ኤስኤምኤስ ይላካል። መላኩ ስለሚዘገይ ሥራው ለሌላ ትሬድ ይሰጣል። እዚያ ሲደርስ የገባው ተጠቃሚ ነል ነው። ሎግ ላይም የሪኩዌስት መለያው ይጠፋል፤ የሎግ ኮንቴክስቱም ያው ትሬድ ሎካል ነውና።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ኢንኸሪተብል ትሬድ ሎካል ላይ ይንጠላጠላል። አይሆንም። እሱ ዋጋውን የሚቀዳው ልጁ ትሬድ ሲፈጠር ብቻ ነው። ፑል ውስጥ ያለ ትሬድ የሚፈጠረው አንዴ ነው፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ሪኩዌስት የላከው ሰው ስም ተጣብቆበት ይቀራል። ባዶ የነበረው ወደ ተሳሳተ ስም ተቀየረ ማለት ነው፤ ይሄ ደግሞ ይብሳል። ባዶ ቢያንስ ይጮሃል።

ስፕሪንግ ላይ ከሆናችሁ ታስክ ዴኮሬተር አለ፤ ከ4.3 ጀምሮ። ሥራው ሲሰጥ ዋጋውን እንዲይዝ፣ በሌላው ትሬድ ላይ እንዲያስቀምጥ፣ ሲያልቅ እንዲያጸዳ አድርጋችሁ ትጽፉታላችሁ። የራሳችሁ ፍሬምወርክ ከሆነ ሥራን ለትሬዶች የሚያከፋፍለውን ኤግዜኪዩተር በዚሁ መንገድ ሸፍኑት። ሥራው የሚፈልገው የተጠቃሚውን መለያ ብቻ ከሆነ ግን በፓራሜትር ማቀበሉን እመርጣለሁ። አንድ መስመር ይጨምራል፤ ከየት እንደመጣ ግን ማንም አንብቦ ያውቃል።

ምልክት፦ ሜሞሪ ቀስ በቀስ ይሞላል

አዲስ ቨርዥን በተጫነ ቁጥር ሜሞሪው ይጨምራል፤ ከጊዜ በኋላ የሜታስፔስ (የክላሶች ሜሞሪ) ኤረር ይመጣል። ቶምካት አፑ ሲዘጋ ሎግ ላይ ስለ ትሬድ ሎካል ያስጠነቅቃል፤ ማንም አያነበውም።

መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ቦታ ይህ በሽታ ለረጅም ጊዜ ይደበቃል። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ ይጠፋል፣ ሲመጣ ከዜሮ ይነሳል፣ ሜሞሪውም ይጸዳል። ዩፒኤስና ጀነሬተር ተገዝቶ ሰርቨሩ ሳይቋረጥ መሥራት ሲጀምር «አዲሱ ዕቃ ነው ያበላሸው» ይባላል። ዕቃው ንጹሕ ነው።

የውስጥ አሠራሩ እንዲህ ነው። ዋጋዎቹ የሚቀመጡት ትሬዱ ውስጥ ባለ ማፕ ነው። የማፑ ቁልፍ ደካማ ሪፈረንስ ነው፤ ዋጋው ግን ጠንካራ ነው። ትሬዱ የቶምካት ስለሆነ አፑ ቢወገድም ወዲያው አብሮት አይሞትም። ያልተጸዳው ዋጋ ደግሞ ክላሱን ይይዛል፣ ክላሱ የጫነውን ክላስ ሎደር፣ ክላስ ሎደሩ የድሮውን አፕ ክላሶች በሙሉ። አንድ ትንሽ ኦብጀክት ሙሉ ቨርዥን አስሮ ይቀራል። መፍትሄው ያው ሪሙቭ ነው፤ ትሬድ ሎካሉንም በየኦብጀክቱ ሳይሆን ስታቲክ ፋይናል አድርጋችሁ አንዴ ፍጠሩት። ችግሩ የሌላ ሰው ላይብረሪ ውስጥ ከሆነ አዲስ ቨርዥን ስትጭኑ ቶምካቱን ራሱን ሪስታርት አድርጉ።

ምልክት፦ ደረሰኝ ላይ አልፎ አልፎ የተዘበራረቀ ቀን ይወጣል

ቀን የሚጽፈው የጃቫ ክላስ ሲምፕል ዴት ፎርማት ስታቲክ ሆኖ ትሬዶች ሁሉ ይጋሩታል። እሱ ለመጋራት አልተሠራም። የድሮው መፍትሄ በትሬድ ሎካል ለየትሬዱ አንድ አንድ መስጠት ነበር። ከጃቫ 8 ወዲህ ዴት ታይም ፎርማተር አለ፤ የማይለወጥ ስለሆነ ያለ ስጋት መጋራት ይቻላል። ወደ ጃቫ 21 ቨርቹዋል ትሬድ ለመሄድ ካሰባችሁ ደግሞ ይህን ቶሎ ቀይሩ። እዚያ ለየሥራው አዲስ ትሬድ ስለሚፈጠር ትሬድ ሎካል ላይ ያስቀመጣችሁትን ዕቃ ማንም መልሶ አይጠቀምበትም። ጃቫ 25 ላይ የጸደቀው ስኮፕድ ቫልዩ ከላይ «አስኪድ» ያልኩትን አሠራር ቋንቋው ራሱ የሰጠበት ነው።

ፓይተንና ዶትኔት ላይ

ፓይተን ላይ ኤሲንክአይኦ የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ትሬድ ላይ ብዙ ታስክ ይፈራረቃል። ስለዚህ የፓይተኑ ትሬድ ሎካል፣ ትሬዲንግ ሎካል፣ በአንድ አዌይት (ታስኩ ተራውን ለሌላ በሚለቅበት ቦታ) ብቻ የሰው ስም ያቀላቅላል። ኮንቴክስት ቫርስ ተጠቀሙ፤ ከ3.7 ጀምሮ አለ። ሥራ ወደ ሌላ ትሬድ ስትልኩ ቱ ትሬድ ዋጋውን ይዞ ይሻገራል፤ ራን ኢን ኤግዜኪዩተር ግን አያሻግርም። ዶትኔት ላይ ከአዌይት በኋላ ሥራው ሌላ ትሬድ ላይ ሊቀጥል ስለሚችል ኤሲንክ ሎካል ነው የሚሻለው። ትሬድ ስታቲክ ላይ የመነሻ ዋጋ ከጻፋችሁ የሚሠራው ለአንድ ትሬድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ዜሮ ወይም ነል ያገኛሉ።

የመጨረሻው፣ ሚዛኑን ከሰርቨር ጋር በራስበሪ ፓይ ለሚያገናኙ። የፓይተን ፕሮግራሙ ሲነሳ «በስታቲክ ቲኤልኤስ ብሎክ ውስጥ ሜሞሪ መመደብ አልተቻለም» የሚል ኤረር ካመጣ የራማችሁ ማነስ አይደለም፤ ቲኤልኤስ እዚህ የትሬድ ሎካል ማስቀመጫ ማለት ነው። ለትሬድ ሎካል የሚመደበው ስታቲክ ቦታ መጠኑ የሚወሰነው ፕሮግራሙ ሲነሳ ነው፤ ዘግይቶ የተጫነ ላይብረሪ የተረፈችውን ትንሽ ቦታ ያጣታል። ኤረሩ ላይ ስሙ የተጠቀሰውን ላይብረሪ የሚጠራውን ኢምፖርት ወደ ፋይሉ አናት አምጡት። እምቢ ካለ ላይብረሪውን ኤልዲ ፕሪሎድ በሚባለው የሲስተም ቫሪያብል ቀድማችሁ ጫኑት። ይህን ተርሚናል ላይ ብቻ ከጻፋችሁት ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ ይጠፋል፤ ፕሮግራሙን የሚያስነሳው የሲስተምዲ ሰርቪስ ፋይል ውስጥ ጻፉት።