ከዘመቻ የተመለሰ ወታደር ቤቱ ሲገባ እንዴት ይቀረጻል?

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ካበቃበት ከአልጀርስ ስምምነት በኋላ፣ በ1993 ዓ.ም.፣ የሠራዊት ካሜራማን ሆኜ ወደ ጎጃም የሚመለሱ ወታደሮችን ስከተል አንድ ጥፋት ሠርቻለሁ። ደጀን ላይ አንድ ልጅ ከአውቶቡስ ሲወርድ እናቱ ደርሰው አቀፉት፤ እኔ ካሜራውን ገና አላስነሣሁም ነበር። «እማማ፣ አልተቀዳልኝም፤ እባክዎ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አልኳቸው። ደገሙልኝ። መጀመሪያ ሲያቅፉት ጆሮውን፣ አንገቱን፣ ጎድኑን በጣታቸው እየዳሰሱ ሙሉ መሆኑን ሲያረጋግጡ አይቻለሁ። በሁለተኛው እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው የሚያዩት እኔን ነበር። ያ ካሴት ዛሬም ያሳፍረኛል። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው።

መጀመሪያ ቤተሰቡን ቀድማችሁ አግኙ። ወታደሩ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ ደጅ ላይ ማን እንደሚቀበለው ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን ከዚያው ቀበሌ ሄዶ ያልተመለሰ ሰው እንዳለ አጣሩ። የሐዘን ቤት ካለ እልልታው ዝቅ ይላል፤ ወታደሩም ብዙ ጊዜ እህል ሳይቀምስ ለቅሶ ሊደርስ ይሄዳል። እዚያ ደጃፍ ስትደርሱ ካሜራውን አጥፉ። በዚህ ላይ እኔ አልደራደርም።

ዕቃችሁን ከዋዜማው አዘጋጁ፦ የሞላ ባትሪ ሁለት፣ ባዶ ሜሞሪ ካርድ ሁለት። ካሜራውን በሴኮንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሻተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ሴኮንድ ላይ አድርጉት። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ በሌላ ፍጥነት ከቀረጻችሁ ማታ ቤት ውስጥ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ሊልባችሁ ይችላል።

ቀጥሎ ያለው ዋናው ነው፤ ቀድማችሁ ጀምሩ። የአውቶቡሱ ወይም የባጃጁ አቧራ ከሩቅ ሲታይ መቅረጫውን ተጫኑ፣ ሁሉም ሰው እስኪቀመጥ አታቁሙ። 10 ደቂቃ ባዶ መንገድ ብትቀዱ ምንም አይደለም፣ በኋላ ይቆረጣል። ሌንሱን ሰፋ አድርጋችሁ አራት አምስት እርምጃ ራቅ በሉ። ከሩቅ ሆናችሁ ዙም ካደረጋችሁ፣ አንዲት ነጠላ መሐል ብትገባ ሁሉም ነገር ይጋረዳል። ፊት ላይ ብቻ አትቅሩ፤ እጆችን ተከተሉ።

የጭቃ ቤት ውስጡ ጨለማ፣ ደጁ ፀሐይ ነው። ከጓዳ በኩል ወደ በሩ ብትቀርጹ የሚገባው ሰው ጥቁር ጥላ ይሆንባችኋል። ቀድማችሁ ግቡና ከበሩ ጎን ግድግዳ ሥር ቁሙ፤ የካሜራውን ብርሃን በሚገባው ሰው ፊት ልክ አስተካክሉ። ከጀርባው ያለው ሰማይ ነጭ ቢሆን ግድ የለም።

እልልታና ፉከራ ድንገት ነው የሚነሣው፤ አንዳንድ ቦታ ጥይትም ይተኮሳል። የማይኩን መጠን አስቀድማችሁ ቀንሱ፤ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ አይጠገንም።

ቁስሉን፣ መታወቂያውን፣ የጦር ክፍሉን ምልክት ያለ ፈቃዱ አታሳዩ። ስለ ውጊያው አትጠይቁት። ዝም ካለም ካሜራው ዝምታውን ይቅዳ።

በዚያው ማታ ሁለት ቦታ ገልብጡ፤ ቀኑንና ቀበሌውን ጻፉበት። አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ ስጡ። ሲያዩት አብራችሁ ተቀመጡና በምስሉ ያሉትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ እየጠየቃችሁ መዝግቡ፤ በተለይ የሽማግሌዎቹን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚነግራችሁ ሰው ላታገኙ ትችላላችሁና።