በትልቅ ድርጅት የሚሠራ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሠራተኞቹ በሺዎች በሚቆጠሩበት ድርጅት አንድ ተራ ጥያቄ አምስት ፊርማ የሚፈልገው ሁልጊዜ በሰዎቹ ክፋት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ድርጅት የሚያስታውሰው በወረቀት ብቻ ስለሆነ ነው። ይህን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ቀጥሎ ከማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹንም ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ከሁሉም የከፋው የቃል ተስፋን እንደ ውሳኔ መቁጠር ነው። በአንድ ወቅት የአንድን ኃላፊ ቦታ በተጠባባቂነት እንድሸፍን ታዘዝኩ፤ «ደብዳቤው ይደርስሃል፣ አንተ ብቻ ጀምር» ተባልኩ፤ ጀመርኩም። ከሰባት ወር በኋላ አበሉን ስጠይቅ የሰው ሀብት ባልደረባዋ ማህደሬን አውጥታ፣ ገጾቹን አንድ በአንድ ገልጣ፣ «ወንድሜ፣ እዚህ ምንም የለም፤ የደብዳቤው ቁጥር ስንት ነው?» አለችኝ። ቁጥር አልነበረኝም፤ ያዘዙኝ ሰውም ተዛውረው ነበር። በቃል የታዘዘ ሠራተኛ በዚያው ቀን «በተሰጠኝ ትእዛዝ መሠረት ሥራውን ከዛሬ ጀምሮ መረከቤን አሳውቃለሁ» የሚል አጭር ማስታወሻ ጽፎ መዝገብ ቤት ማስገባትና በእጁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ማስጻፍ አለበት። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን አለቃ በተቀየረ ቁጥር የሠራተኛው መብት አብሮ እንዳይቀየር የሚያደርገው ይኸው ወረቀት ነው፤ ሁሉ ነገር በባለቤቱ ቃል ብቻ በሚያልቅበት ትንሽ ድርጅት ውስጥ የሠራ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል።

የመዝገብ ቤት ሠራተኞችን ዝቅ አድርጎ ማየትም ብዙ ያስከፍላል። ዳይሬክተሩ በደብዳቤው ጥግ «ተጣርቶ ይቅረብልኝ» ብለው ከመሩት በኋላ ወዴት እንደሄደ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

የቅርብ አለቃን ዘሎ ወደ ላይ መጻፍ አይበጅም። ደብዳቤው ተመርቶ ተመርቶ የሚያርፈው እዚያው የተዘለሉት አለቃ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ያውም «አስተያየት ይሰጥበት» ተብሎ።

የዓመት ፈቃድን ማጠራቀም ደግሞ ትጋት የሚመስል ኪሳራ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣሉ፤ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ይሁን እንጂ ፈቃዱን ከሁለት ዓመት በላይ ማስተላለፍ አይቻልም፤ ሥራ ላይ እያሉ በገንዘብ መለወጥም በመርህ ደረጃ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ሰኔ መዝጊያ ላይ ሁሉም ሰው ፎርም ይዞ ከመሰለፉ በፊት ቀኑን አስቀድሞ ማስያዝ ይበጃል።

በብስጭት ቀን የተጣራ ደመወዝን ብቻ አነጻጽሮ መልቀቅም የተለመደ ነው። አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶ (የሠራተኛው 7 በመቶ ነው) በደመወዝ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ጎልቶ አይታይም፤ የሕክምና ሽፋኑ፣ ሰርቪሱና የሠራተኛ ብድሩም እንዲሁ። አዲሱ ቀጣሪ መዋጮውን በየወሩ ገቢ የሚያደርግ መሆኑን ሳይጠይቁ መፈረም አይገባም።

ቁርጡ ከታወቀ ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ክሊራንስ (ከየክፍሉ ዕዳና ንብረት እንደሌለብዎት የሚፈረምልዎትን ወረቀት) ጨርሶና የሥራ ልምድ ማስረጃ ይዞ መውጣት እንጂ ኩርፊያ አያዋጣም። እኔ ክሊራንስ ስዞር የመጨረሻው ፊርማ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነበር፤ ድርጅቱ ቤተ መጻሕፍት እንዳለው ያወቅኩት ያን ቀን ነው።