የተጎዳ የፊት ቆዳ እንዲያገግም እንዴት ማድረግ ይቻላል

ፊት በታጠበ ቁጥር ቆዳው የሚወጠር ከሆነ፣ ለወራት የተስማማ ክሬም ድንገት ማቃጠል ከጀመረ፣ በአፍንጫና በአፍ ዙሪያ ስስ ቅርፊት መነሣት ካዘወተረ፣ አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚያስበው ሌላ ቅባት መግዛትን ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ቆዳ ብዙውን ጊዜ ያሳመመው የሚቀባው ነገር ብዛት ስለሆነ፣ ማገገሙ የሚጀምረው ከመቀነስ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ይህን ቅነሳ በሥርዓት ለማከናወን የሚረዳ ነው።

በቅድሚያ የተጎዳው ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። የቆዳችን የላይኛው ክፍል ከ15 እስከ 20 የሚደርሱ የሞቱና ጠፍጣፋ ሕዋሳት የተደራረቡበት ንብርብር ሲሆን፣ ከመዳፍና ከተረከዝ በቀር ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሃምሳኛ ያህል ቢሆን ነው። የቆዳ ሐኪሞች በጡብ ግድግዳ ይመስሉታል፤ ሕዋሳቱ ጡቦቹ ናቸው፣ በመካከላቸው ገብቶ የሚያያይዛቸው ስሚንቶ ደግሞ ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ የሚባሉት ስቦች ናቸው። ስቡ በቦታው እስካለ ድረስ የሰውነታችን ውሃ በቀላሉ አይተንም፤ ከውጭ የሚመጣው ሳሙና፣ አቧራና ጀርምም ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ስቡ ተሟጦ ሲሄድ ግን ውሃው ይወጣል፣ የሚያቃጥለው ነገር ይገባል። ትናንት ጉዳት ያላደረሰው ክሬም ዛሬ የሚለበልበውም ሊደርስበት ወደማይገባው ጥልቀት ስለዘለቀ ነው።

ጉዳቱን በመለየት ረገድ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ለነጭ ቆዳ የተጻፉ መመሪያዎች መቅላትን እንደ ዋና ምልክት ይጠቅሳሉ፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ጎልቶ አይታይም። ቦታው ከቀድሞው ጠቆር ይላል፣ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ሲዳሰስ ይሻክራል፣ ያሳክካል፣ ንጹሕ ውሃ ሲነካው እንኳ ይቆጠቁጣል። ስለዚህ በመስተዋት ከሚታየው ይልቅ በስሜቱ መመራት የተሻለ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ማቆም

ቢያንስ ለአራት ሳምንታት የሚከተሉትን ነገሮች ሙሉ በሙሉ ያቁሙ፦ ስክራብና ሻካራ መፈግፈጊያ፣ ግላይኮሊክና ሳሊሲሊክ አሲድ ያላቸው ቅባቶች፣ ሬቲኖል (የቫይታሚን ኤ ዓይነት)፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ (የብጉር መድኃኒት)፣ አልኮል ያለበት ቶነር፣ ሽቶ ያለበት ሎሽን። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ከሆነ ግን ከማቆም በፊት ያዘዘውን ሐኪም መጠየቅ ይገባል። በውበት ሳሎን የሚደረገው ፌሻልና ስቲም፣ ፊትን በክር ማስነሣት፣ እንዲሁም ሙቀቱና ጢሱ ቆዳን የሚያደርቀው የወይባ ጭስ ለዚህ ጊዜ ይቆዩ። ወይባን የምጠቅሰው ባህሉን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ የቆሰለ ቆዳ ከእሳት ርቆ እንዲከርም ለማሳሰብ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊቆም የሚገባው ሎሚ ነው። የብጉር ጠባሳን ወይም ማድያትን ለማጥፋት ፊት ላይ ሎሚ መቀባት በእኛ ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው፤ ከማኅበራዊ ሚዲያ በፊትም ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ምክር ነው። የአሲድነት መለኪያ በሆነው ፒኤች ጤናማ ቆዳ ከ4.5 እስከ 5.5 አካባቢ ይገኛል፤ የሎሚ ጭማቂ ግን ከ2 እስከ 3 ነው። መለኪያው በአንድ ቁጥር ሲወርድ አሲድነቱ በአሥር እጥፍ የሚጨምር በመሆኑ፣ የሎሚ ጭማቂ ከቆዳው በመቶዎች እጥፍ የበረታ አሲድ ሊሆን ይችላል። በዚያም ላይ በሎሚ ልጣጭና ጭማቂ ውስጥ የሚገኝ ፉሮኩማሪን የተባለ ንጥረ ነገር ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኝ ቆዳን ያቃጥላል፤ ቃጠሎው ሲድን ደግሞ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ለማፍካት የተቀባ ሰው ይበልጥ ይጠቁራል፤ መጥቆሩን ለማጥፋት ደግሞ እንደገና ሎሚ ይቀባል። ብዙ ወጣት ሴቶች ለዓመታት የሚመላለሱበት አዙሪት ይህ ነው፣ ይህም ከልብ ያሳዝነኛል። ጠይም ቆዳ ማንኛውም ቁጣ ከተነሣበት በኋላ ቀለም የሚያመርቱት ሕዋሳት ስለሚነቃቁ ጥቁር ምልክት ይወጣበታል፤ እንግዲህ ምልክቱን ለማስቀረት ዋነኛው መንገድ ቆዳውን አለማስቆጣት ነው። ቤኪንግ ሶዳም ቢሆን በተቃራኒው አቅጣጫ ተመሳሳይ ጥፋት ያደርሳል፤ ቆዳው የሚፈልገውን አሲድነት ያጠፋል።

የፊት ማንጫ ክሬሞችን በተመለከተ ግን ጥንቃቄው ሌላ ነው። በገበያ ላይ ከሚገኙት ብዙዎቹ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የተባሉ ጠንካራ ስቴሮይዶች (የቆዳ ቁጣን የሚያበርዱ መድኃኒቶች) ይገኙባቸዋል፤ ይህም ሁልጊዜ በዕቃው ላይ አይጻፍም። እንዲህ ያለ ክሬም ለወራት የተቀባ ፊት ይሳሳል፣ ደም ሥሮቹ ይታያሉ፣ ክሬሙ በቆመ በቀናት ውስጥም ማቃጠልና ማበጥ ይነሣል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ክሬሙ የጠቀማቸው መስሏቸው ይመለሱበታል። እንደዚህ ያለ ክሬም ለረጅም ጊዜ የተጠቀመ ሰው ብቻውን ሳይታገል ወደ ቆዳ ሐኪም ሄዶ፣ የቀባውን ነገር ይዞ በመቅረብ በሐኪም ክትትል ቢተወው ይሻላል። በአንዳንዶቹ ማንጫዎች ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ ደግሞ ከቆዳ አልፎ ኩላሊትን ይጎዳል።

ሁለተኛው እርምጃ፦ አስተጣጠብ

ጠዋት ፊትን በንጹሕና ለብ ባለ ውሃ ብቻ መታጠብ ይበቃል። ማታ፣ የቀኑን አቧራና የፀሐይ መከላከያ ለማስለቀቅ፣ ሽታ የሌለውና ብዙ አረፋ የማያወጣ የፊት ማጠቢያ ይጠቀሙ። ተራ የገላ ሳሙና ፒኤቹ 9 ወይም 10 ስለሚደርስ የቆዳውን ስብ አጥቦ ይወስዳል፤ ታጥቦ ሲነሣ የሚሰማውን የመወጠር ስሜት ብዙ ሰው እንደ ንጽሕና ምልክት ይቆጥረዋል፣ ነገር ግን የስቡ መሄድ ምልክት ነው። የፊት ማጠቢያው በእጅ ይቀባ፣ ከአንድ ደቂቃ ሳያልፍ ይለቅለቅ፣ ፎጣውም ፊት ላይ ጫን ጫን እየተደረገ ውሃውን ይምጠጥ እንጂ አይፈግፍግ። የሞቀ ውሃ ስቡን ይበልጥ ስለሚያሟጥጥ ሻወር ውስጥ ፊትን በቀጥታ ለፍል ውሃ አለመስጠት ነው።

ሦስተኛው እርምጃ፦ ማርጠብና መክደን

ፊቱ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ከታጠበ በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ማለስለሻ ክሬም መቀባት የዚህ ሥራ ዋነኛው ክፍል ነው። የሚፈለገው ክሬም ሦስት ዓይነት ሥራ የሚሠራ ነው፦ ውሃን የሚይዝ እንደ ግሊሰሪን ያለ ነገር፣ የጎደለውን ስብ የሚተካ እንደ ሴራማይድ ያለ ነገር፣ ትነቱን የሚከድን እንደ ፔትሮሊየም ጄሊ (ቫዝሊን) ያለ ነገር። ሲገዙ ዕቃው ላይ «ፍራግራንስ ፍሪ» (ሽቶ ያልተጨመረበት) የሚለውን ይፈልጉ። «አንሰንትድ» (ሽታ የሌለው) የሚለው ቃል አንዳንዴ ሽታን በሌላ ሽታ የሸፈነ ክሬም ላይ ስለሚጻፍ ዋስትና አይሆንም፤ በይዘት ዝርዝሩ ውስጥ «ፓርፉም» የሚል ቃል ካለ ይተዉት።

ሴራማይድ ያላቸው ክሬሞች ውድ መሆናቸውን፣ በክፍለ ሀገር ከተሞችም እንደ ልብ እንደማይገኙ አውቃለሁ። ያለ እነርሱም መሥራት ይቻላል። በየፋርማሲው የሚሸጠውን ግሊሰሪን ብዙ ሰው እንዳለ ይቀባዋል፤ ያልተበረዘ ግሊሰሪን በደረቅ አየር ውስጥ ሊያጣብቅና ቆዳንም ሊያስቆጣ ስለሚችል፣ አንድ እጅ ግሊሰሪን በአምስት እጅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በርዞ በእርጥብ ፊት ላይ መቀባት፣ ወዲያውም በላዩ ስስ ቫዝሊን ማሳለፍ ይሻላል። የተበረዘው ግሊሰሪን የሚያቆየው ነገር ስለሌለበት ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ያዘጋጁ። ቫዝሊን በአሜሪካ የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1872 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህን ያህል ዘመን ቢያስቆጥርም ውሃ ከቆዳ እንዳይተን በመግታት ረገድ የሚስተካከለው ነገር ጥቂት ነው። ሽታ ያልተጨመረበትን ይምረጡ። ብጉር የሚበዛበት ሰው በሚላጡት ቦታዎች ላይ ብቻ፣ ማታ ማታ ቢቀባው ይበቃዋል።

ስለ ዘይትና ቅቤ ተደጋግሞ ይጠየቃል። የወይራ ዘይት በብዛት የያዘው ኦሌይክ አሲድ የቆዳውን ንብርብር እንደሚያላላ በጥናት ታይቷል፤ ሊኖሌይክ አሲድ የሚበዛበት የሱፍ አበባ ዘይት ግን ያን ጉዳት አላሳየም። ዘይት መቀባት የግድ ከሆነ ምርጫው ይህ ነው። ቅቤ ለጸጉር የለመድነው ነገር ቢሆንም የተጎዳ ፊት ላይ አልመክረውም፤ ይሻግታል፣ ለብጉርም ይመቻል፣ በተላጠ ቆዳ በኩል የሚገባ የምግብ ፕሮቲንም አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚዘረጋ ክሬም ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን፣ ለፊትና ለአንገት እንዲህ ያለ ሁለት ተኩል ያስፈልጋል። ጠዋትና ማታ ይቀቡ፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅና ነፋሻማ የበጋ ወቅት፣ ወይም ማሞቂያ በሚነድበት የአውሮፓና የአሜሪካ ክረምት፣ ወይም ኤሲ ቀን ከሌት በሚሠራበት የዓረብ አገር ቤት ለሚኖር ሰው እኩለ ቀን ላይ አንድ ጊዜ መጨመር ይጠቅማል።

አራተኛው እርምጃ፦ ከፀሐይ መጠበቅ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ለምድር ወገብም የቀረበች ከተማ ናት። ከፍታው በአንድ ሺህ ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት ጨረር አሥር በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ሰውን ማታለል የለበትም። በሚያገግም ቆዳ ላይ ዚንክ ኦክሳይድ ያለው፣ የመከላከል አቅሙ መለኪያ (ኤስፒኤፍ) ቢያንስ 30 የሆነ የፀሐይ መከላከያ ከሌሎቹ ያነሰ ያቃጥላል። ቀለም ያለው ዓይነት ከተገኘ ደግሞ ይመረጣል፤ በውስጡ ያለው አይረን ኦክሳይድ ለጠይም ቆዳ ምልክት መጥቆር ምክንያት ከሚሆነው የሚታይ ብርሃንም ይከላከላል። ከቤት ውጭ ለሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ መደገም አለበት። ሁሉም የፀሐይ መከላከያ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣና ነጠላ ይበቃሉ።

ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

የማቃጠሉና የመወጠሩ ስሜት በአንድ ሳምንት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። የላይኛው ቆዳ ራሱን የሚተካው በአንድ ወር ገደማ ስለሆነ፣ ከባድ ጉዳት የደረሰበት ፊት ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል፤ ጥቁሩ ምልክት ደግሞ ከዚያም በላይ ይዘገያል። በመካከሉ አዲስ ብጉር ቢወጣ መፍረጥ አይገባም። በዚህ ወቅት ትዕግሥት የሚያጡ ሰዎች በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ቅባት ያክላሉ፤ ሥራው ሁሉ ከዜሮ የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው።

ፈሳሽ ወይም መግል ከታየ፣ ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ከደረቀበት፣ ሕመሙ በፍጥነት ከተስፋፋ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም በእጅና በእግር እጥፋት ላይ ለዓመታት የሚመላለስ ማሳከክ ካለ፣ ችግሩ ኢንፌክሽን ወይም ችፌ ሊሆን ስለሚችል በዚህ መመሪያ ብቻ አይታከምም። አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የቆዳ ሕክምና ሲሰጥ የቆየ ተቋም ነው፤ በሌሎች ከተሞችም በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ወደ ቆዳ ሐኪም ሊልክ ይችላል።

ቆዳው ለሁለት ተከታታይ ሳምንታት ሳያቃጥልና ሳይላጥ ከቆየ በኋላ፣ የብጉር ወይም የማድያት ቅባት ለመመለስ ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ይህ ነው፦ አንድ ቅባት ብቻ ይምረጡ፤ በክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ለተከታታይ አምስት ቀናት ይሞክሩት፤ ከተስማማ በሳምንት አንድ ምሽት፣ በደረቀ ፊት ላይ፣ ቀድሞ ስስ ማለስለሻ ተቀብቶ፣ አተር የሚያህል መጠን ይቀቡ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በሳምንት ወደ ሁለት ምሽት ከፍ ማድረግ ይቻላል። ሁለተኛ ቅባት የሚታከለው የመጀመሪያው ለስድስት ሳምንታት ያለ ችግር ከቆየ ብቻ ነው፤ በመካከሉ ንጹሕ ውሃ መቆጥቆጥ ከጀመረ ግን ሁሉም ተትቶ እንደገና ወደ ለብ ያለው ውሃና ወደ ማለስለሻው ይመለሱ።