በሽንኩርት ልጣጭ የቀለመ ክር ለኪሮሽና ለሹራብ እንዴት ይዘጋጃል

ሐዋሳ ገበያ ቀይ ሽንኩርት የሚሸጡ እናቶች ጋ ጠዋት ብትደርሱ፣ ከማዳበሪያው ሥር ደረቅ ልጣጭ ተከምሮ ታገኛላችሁ። ሲመሽ ተጠርጎ የሚጣል ነው። «ለምንድነው?» ብለው መሳቃቸው አይቀርም፣ ግን አፍሰው ይሰጧችኋል። የምትፈልጉት መጠን ከክሩ ክብደት ጋር እኩል ነው፤ 100 ግራም ክር ካላችሁ 100 ግራም ልጣጭ። ልጣጭ ቀላል ስለሆነ ይህን ለማግኘት ትልቅ ፌስታል ጢም ብሎ መሙላት አለበት።

ብዙ ሰው እርድ ይቀለኛል ይላል። እርድ በእርግጥ ቶሎ ይይዛል፤ ግን ነጠላችሁ ላይ አልጫ ፈስሶ ሳሙና ሲነካው እንዴት እንደሚቀላ ታውቃላችሁ። ፀሐይም ቶሎ ያደበዝዘዋል። ለሚታጠብና ለሚለበስ ነገር ሽንኩርቱ ይሻላል።

መጀመሪያ ክሩን እወቁ። ሱቅ በተለያየ ቀለም የሚሸጠው የሹራብ ክር አብዛኛው አክሪሊክ የሚባል ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብትቀቅሉት የልጣጭ ቀለም አይገባበትም። ከተጠራጠራችሁ ጫፉን አቃጥሉ። ቀልጦ እንደ ዶቃ ከጠጠረ ተዉት፤ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው። እኔ የምወደው በእንዝርት የተፈተለውን፣ ሸማኔ የሚገዛውን የእጅ ፈትል ነው። ቀጭን ስለሆነ ሦስት ወይም አራት ደርቡና እንዝርቱ ከዞረበት በተቃራኒ አቅጣጫ ግመዱት። ሳይገመድ ከሠራችሁበት ሥራው ወደ አንድ ጎን ይዘማል፣ አራት ማዕዘን ያላችሁት ጨርቅ ተንጋድዶ ያልቃል።

ቀጥሎ ክሩን በወንበር መደገፊያ ላይ አዙራችሁ ትልቅ ቀለበት አድርጉት። ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ ቋጥሩ፤ ከዚያ በሌላ ነጭ የጥጥ ክር አራት ቦታ እሰሩት። ማሰሪያው በቀለበቱ መሀል እየተሻገረ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ይሥራ፣ ጣት የሚያስገባ ያህልም ይላላ። የመጀመሪያዬን «እንዳይተበተብ» ብዬ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት፤ ከድስቱ ሲወጣ ማሰሪያው ሥር አራት ነጭ ቦታ ቀርቶ፣ የልጅ ኮፍያው ላይ እንደ ለምጽ ተበታተነ።

አሁን ማንም የማይወደው ሥራ መጣ፤ እጥበት። ጥጥ በተፈጥሮው ሰም አለው፣ ላዩም ላይ የእጅ ቅባትና አቧራ አለ። ይህ ካልወጣ ቀለሙ ላይ ላዩን ተቀምጦ በሁለተኛው እጥበት ይሄዳል። ክሩን በብዙ ውኃ ውስጥ ከተፋቀ ሳሙና ጋር ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ቀቅሉት። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ያሉ ሰዎች የጻፉትን ሰዓት እንዳለ አትቀበሉ፣ ጨምሩበት። ውኃው ሻይ ይመስላል፤ ነጭ የመሰላችሁ ክር ስንት ነገር እንደያዘ ያኔ ታያላችሁ። አጥባችሁ ካደረቃችሁት በኋላ አንድ ጠብታ ውኃ ጣሉበት፤ ወዲያው ከጠጣ በቅቶታል፣ ላዩ ላይ ከቆመ ድገሙት።

ጥጥ ቀለም እንዲይዝ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ታኒን (ወፍራም ሻይ ውስጥ አፍ የሚያጨማድደው ነገር) እና ሻብ። ለታኒኑ የቤት ሻይ ቅጠል ይበቃል። ለ100 ግራም ክር አራት የሾርባ ማንኪያ አፍልታችሁ አጥልሉና ክሩን በውስጡ አሳድሩት። በማግስቱ ጨምቃችሁ ወደ ሻቡ አዙሩት፤ ሻብ ሰው ብብቱን የሚያሽበት፣ እንደ ጨው ነጭ የሆነው ድንጋይ ነው። 15 ግራም ደቁሳችሁ በሙቅ ውኃ አሟሙና ክሩን ጨምሩበት፣ እንደገና ይደር። ስትደቁሱ ብናኙን አትተንፍሱት፤ ድስቱም ከዚህ በኋላ ወደ ወጥ አይመለስም።

«ጨውና ኮምጣጤ ጨምሪበት፣ ቀለሙን ይይዘዋል» የምትል ጎረቤት አትጠፋም። ኮምጣጤ የሚሠራው በግ ጠጉር በአሲድ ቀለም ሲቀለም ነው። እዚህ ጥጡ ላይ ሽታ ከመጨመር በቀር ምንም አያደርግም።

ልጣጩን በውኃ አንድ ሰዓት ቀቅላችሁ አጥልሉት፤ ቁራጩ ከቀረ ክሩ ላይ ተጣብቆ ነጠብጣብ ያወጣል። ክሩን ለቅለቅ አድርጋችሁ እርጥቡን እንዳለ አስገቡት፣ በዝግታ እሳት አንድ ሰዓት ይቆይ። አልፎ አልፎ በእንጨት ገልብጡት፣ አታማስሉት። እሳቱን አጥፍታችሁ እዚያው ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ተዉት። ከወርቃማ እስከ ፈካ ያለ ቡና ይወጣል፤ ሁለት ድስት አንድ ዓይነት ቀለም አይሰጥም፣ ስለዚህ ለአንዱ ሥራ የሚበቃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቅለሙ። ኪሮሽ ከሹራብ መርፌ ይልቅ ክር እንደሚበላ አስቡና አስተርፉ።

ሁለት ቀለም ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ የዛገ ምስማር በውኃና ጥቂት ኮምጣጤ ውስጥ ሳምንት አቆዩ። የቀለመውን ክር ግማሹን ብቻ በዚህ ውኃ ጥቂት ደቂቃ ስትነክሩት፣ የተነከረው ወደ ጠቆረ አረንጓዴ ሲዞር ዓይናችሁ እያየ ነው። አትርሱት ግን፤ ብረት ሲበዛ ጥጡን ያደርቀዋል፣ እየሠራችሁም ይበጠሳል።

ውኃው እስኪጠራ እጠቡ። ለዚህ ወደ ሐይቁ አትሂዱ፤ የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ ስለሌለው የምትለቁበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። እርጥቡን ክር በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጨምቁት፤ ጨርቁ ከቀለመ እጥበቱ አላለቀም። የእኛ የቀትር ፀሐይ ምሕረት የለውምና ጥላ ሥር አድርቁ።

የደረቀውን ቀለበት እንዳለ ይዛችሁ አትሥሩበት፣ ይተበተባል። አንድ ልጅ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይያዝላችሁ፣ ማሰሪያዎቹን ቁረጡና ወደ ልቃቂት ጠቅልሉ። ጣታችሁን ከልቃቂቱ ጋር አብራችሁ እየጠቀለላችሁ አውጡት፤ ያን ያህል መላላት አለበት። ተወጥሮ የተጠቀለለ ክር ሥራው ከታጠበ በኋላ ይሰበሰባል። ለዚሁ ሲባል ሥራ እስክትጀምሩ በቀለበቱ ይቀመጥ።

በመጨረሻ አሥር በአሥር ሴንቲ ሜትር የምትሆን ናሙና ሥሩ፣ ለክታችሁ እጠቧት፣ ደርቃ እንደገና ለኩ። ስንት ጥልፍ ማስገባት እንዳለባችሁ የምትነግራችሁ ከእጥበት በኋላ ያለው ልክ ነው። ሁለት ልቃቂት ካላችሁና ቀለማቸው ትንሽ ከተለያየ፣ ሁለት ረድፍ ከአንዱ ሁለት ረድፍ ከሌላው እያፈራረቃችሁ ሥሩ፤ ካልሆነ የመጀመሪያው ያለቀበት ቦታ እንደ መቀነት መስመር ሆኖ ወገቡ ላይ ይታያል።