የፍትሕ ካርድን ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሁለት ግራጫ ዓምዶች መካከል ቀይ ቀሚስ ለብሳ፣ አረንጓዴ ካባ ደርባና ዘውድ ደፍታ የተቀመጠች ሴት ትታያለች። በቀኝ እጇ ሰይፍ ቀጥ አድርጋ ይዛለች፤ በግራ እጇ ሚዛን አንጠልጥላለች፤ ከጀርባዋ ሐምራዊ መጋረጃ ተወጥሯል። ይህ ሥዕል አርተር ኤድዋርድ ዌይት ያቀደውና ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሣለችው፣ በ1909 ለንደን ውስጥ የታተመው፣ ታሮት የሚባሉት የመጠንቆያ ሥዕላዊ ካርዶች ስብስብ የፍትሕ ካርድ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ በስልክ መተግበሪያዎችና በማኅበራዊ መገናኛዎች የምናያቸው ብዙዎቹ ታሮቶች ከዚህ ስብስብ የተቀዱ ወይም እሱን መሠረት ያደረጉ ናቸው። ዌይት ራሱ፣ ካርዱ የቆየውን ትውፊት የሚከተልና ትርጉሙም ግልጽ ስለሆነ ብዙ የሚባልለት ነገር እንደሌለ ጽፏል። እኔ ግን በየቦታው የሚሰጡትን ትርጓሜዎች ስሰማ፣ ከሃያ ሁለቱ ታላላቅ ካርዶች መካከል ይህን ያህል በስህተት የሚነበብ ሌላ ካርድ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሰይፍና ሚዛን የማያውቅ ስለሌለ ሁሉም ሰው ሥዕሉን ሳያየው ያነበዋል።

ካርድ የነገን ይናገራል ወይስ አይናገርም የሚለው ክርክር እዚህ አያስፈልገንም። እኔ በበኩሌ አይናገርም ባይ ነኝ፤ ሃይማኖቱ ጥንቆላን የሚከለክለው ሰውም ካርዱን እንደ አንድ የአውሮፓ ሥዕል ብቻ ቢመለከተው የሚያጣው ነገር የለም። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ግን ምልክቱን በትክክል ማንበብ የራሱ ሥርዓት አለው።

በአማርኛ ለምናነብ ሰዎች የመጀመሪያው ስህተት ከስሙ ይጀምራል። ይህን ካርድ «የፍርድ ካርድ» እያሉ የሚጠሩት ጥቂት አይደሉም። ይሁንና በታሮት ውስጥ ፍርድ የሚባል ሌላ ካርድ አለ፤ ቁጥሩ 20 ሲሆን፣ በላዩ መልአክ ከደመና ውስጥ መለከት ሲነፋ፣ ከሥሩ ደግሞ ሙታን ከሬሳ ሣጥናቸው ሲነሡ ይታያል። ያ ካርድ የሚያመለክተው የመጨረሻውን ፍርድ፣ ማለትም ትንሣኤ ሙታንን ነው። የኛ ካርድ የሚመለከተው ግን ገና በሕይወት ያለና ገና የሚጠየቅ ሰው ጉዳዩ የሚመዘንበትን ወንበር ነው። ስሙ ሲምታታ ትርጉሙም ይምታታል፤ ሰይፍና ሚዛን የያዘችውን ሴት አይቶ «አለቀ፣ ተፈረደ» የሚል ሰው ያላለቀውን ነገር ዘግቶታል። ፍትሕ የሚለውን ቃል መምረጥ የሚሻልበት ሌላም ምክንያት አለ። ቃሉ የመጣበት የግእዝ ግስ ፈትሐ፣ ፈረደ ማለት ብቻ ሳይሆን ፈታ ማለትም ነው። የተቋጠረን ነገር የሚፈታ ዳኛ ከካርዱ መንፈስ ጋር የሚስማማውን ያህል፣ ሌላ ቋንቋ እንዲህ በአንድ ቃል የሚገልጸው አይመስለኝም። ለሚያምታቱት ሰዎች ግን አንድ ማቃለያ ልጨምርላቸው፤ በ15ኛው መቶ ዘመን ኢጣሊያ፣ በፌራራ አካባቢ በነበረው የካርዶች አደረጃጀት ፍትሕ የምትመጣው ከመልአኩ ካርድ ቀጥላ፣ ከዓለም ካርድ በፊት ነበር። ያኔም ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ነበረ ማለት ነው።

ሁለተኛውና ከሁሉ የሚብሰው ስህተት «ይህ ካርድ ከወጣልኝ አሸንፋለሁ» ማለት ነው።

አንዲት ወዳጄ ከቤት አከራይዋ ጋር በማስያዣ ገንዘብ ተጣልታ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ምሽት በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። የፍትሕ ካርድ በረከቦቱ ጠርዝ ላይ፣ ከሲኒዎቹ አጠገብ ተቀምጧል፤ ከሥሩ «ፍትሕ ወጣልኝ፤ ገንዘቤን አገኘሁ ማለት ነው» ብላ ጽፋለች። የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት ማን እንደሰነጠቀው ጠየቅኋት። ብዙ ቆይታ «እኔ ነኝ፤ ግን ትንሽ ስንጥቅ ናት» አለችኝ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንደሚባለው፣ ሚዛኑ ሁለት ሳሕን እንዳለው እያየች የራሷን ሳሕን ባዶ አድርጋ ነበር የምታነበው። በኋላ ጉዳዩ በሽማግሌ ሲያልቅ የመስታወቱ ዋጋ ተቀንሶ የቀረው ተመለሰላት፤ ካርዱን በትክክል ብታነበው ኖሮ ያንኑ ቀድማ ታስበው ነበር።

ይህ የትርጉም ስህተት ሥር የሌለው ግን አይደለም። ዌይት ካርዱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ከሰጣቸው ትርጉሞች መካከል ከሚዛናዊነትና ከቅንነት ጋር በሕግ ጉዳይ ማሸነፍም ተጠቅሷል። ነገር ግን አሸናፊው ማን እንደሆነ አብሮ ተናግሯል፤ ማሸነፍ የሚገባው ወገን ነው። ይህን ቅጽል የሚያስቀር አንባቢ የካርዱን ልብ አስቀርቷል። ጥያቄ ጠያቂው የሚገባው ወገን መሆኑን ካርዱ አያረጋግጥለትም፤ እንዲያውም መጀመሪያ የሚመዘነው እሱ ነው። ሰይፉም ቢሆን ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ ነው፤ በከሳሽም በተከሳሽም በኩል ይቆርጣል። በአገራችን የቀድሞ ሙግት «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ባለበት ይቆም ነበር፤ ቃሉ የሚያቆመው ግን የተጠራበትን ብቻ ሳይሆን የጠራውንም ጭምር ነው፤ እሱም ከዚያ በኋላ በጉልበቱ መቀጠል አይችልምና። የፍትሕ ካርድ ሲወጣ መታሰብ ያለበት እንዲህ ያለው ነገር ይመስለኛል።

ሦስተኛው ስህተት የዓይን ነው። ሰዎች ካርዱን ሳያዩ እንዲገልጹት ቢጠየቁ ብዙዎቹ ዓይኗን በጨርቅ ያሰረች ሴት እንደሚሉ እገምታለሁ፤ በጠበቆች ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሽ ሐውልት እንዲያ ነውና። የካርዷ ሴት ግን ዓይኖቿ ክፍት ናቸው፤ ፊት ለፊት ትመለከታለች። በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለሚላኖ መሳፍንት በወርቅ ቅብ ተሠርቶ፣ ዛሬ በኒው ዮርክ፣ በቤርጋሞና በአንድ ቤተሰብ እጅ ተከፋፍሎ በሚገኘው ስብስብም ቢሆን ፍትሕ ሰይፍና ሚዛን ይዛ ዓይኗን ገልጣ ነው የተቀመጠችው፤ ከበላይዋ የጦር ልብስ የለበሰ ፈረሰኛ ሰይፉን መዝዞ ይጋልባል። የዓይን መሸፈኛው ታሪክ ከዚህ የሚዘገይና በፌዝ የተጀመረ ነው። በ1494 ባዝል ውስጥ በታተመ የእንጨት ቅርጽ ሥዕል ላይ አንድ ሞኝ ከኋላ መጥቶ የፍትሕን ዓይን ሲያስር ይታያል፤ ሥዕሉ የሚቀልደው በረባ ባልረባው እየተካሰሱ ዳኛን በሚያሳውሩ ሰዎች ላይ ነበር። ያ የውርደት ምልክት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ወደ ክብር ተለወጠ፤ በ1543 በበርን ከተማ ምንጭ ላይ የቆመችው የፍትሕ ሐውልት ዓይኗ የተሸፈነው ለሰው ፊት እንደማታዳላ ለማሳየት ነው። ይሁንና መሸፈኛው በሁሉም ዘንድ አልጸናም፤ ለንደን ውስጥ በታዋቂው የወንጀል ፍርድ ቤት ጉልላት ላይ ያለችው ፍትሕ ዛሬም ዓይኗ አልተሸፈነም።

ልዩነቱ በንባብ ላይ ለውጥ ያመጣል። ዓይኗ የታሰረ ፍትሕ ማን እንደሆንህ አላውቅም ትላለች። የካርዷ ፍትሕ ግን ማን እንደሆንክ አይታ፣ ከየት እንደመጣህና ምን እንደጎደለህ አውቃ ነው የምትመዝንህ፤ አድልዎን የምትከላከለው ባለማየት ሳይሆን በእጇ በያዘችው ሚዛን ነው። ስለዚህ «ካርዱ ሁኔታዬን አይመለከትም፤ ደረቅ ሕግ ነው» የሚለው ንባብ ከሌላ ሐውልት የተበደረ ነው።

የቁጥሩ ጉዳይ ደግሞ አዲስ ጀማሪዎችን ግራ ያጋባል። አንዱ መጽሐፍ ፍትሕ 8 ናት ይላል፤ ሌላው 11 ይላታል። ብዙ ሰው አንደኛው ተሳስቷል ብሎ ይደመድማል፤ መደምደሙ ራሱ ነው ስህተቱ። ከፈረንሳይ በተስፋፋው የማርሴይ ታሮት ፍትሕ 8፣ ብርታት 11 ናቸው። በ1888 ለንደን ውስጥ የተመሠረተውና ዌይት አባል የነበረበት ጎልደን ዶውን የተባለው ምስጢራዊ ማኅበር ካርዶቹን ከዕብራይስጥ ፊደላትና ከከዋክብት ጋር ሲያዛምድ፣ አንበሳ የያዘችውን ብርታትን ለአሰድ፣ ሚዛን የያዘችውን ፍትሕን ለሚዛን ሰጠ። ዐውደ ነገሥትን ገልጦ የሚያውቅ ሰው እንደሚያስታውሰው አሰድ አምስተኛ፣ ሚዛን ሰባተኛ ኮከብ ናቸው፤ የካርዶቹ ቅደም ተከተል ግን ተቃራኒ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ቦታ ተለዋወጡ። ዌይትም ለውጡን ተቀብሎ በ1909ኙ ስብስብ ላይ ሲያወጣ፣ ለእኔ በቂ በሆነ ምክንያት ነው ከማለት በቀር ማብራሪያ አልሰጠም። እንዲህ ያለ መልስ ከዳኛ ቢመጣ ይግባኝ ይባልበት ነበር።

ታዲያ የቱን ልከተል ለሚል ሰው መልሱ የያዝከውን ስብስብ ተከተል ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ጎረቤቶቿን ይወስናል። በማርሴይ ፍትሕ የምትመጣው ከሠረገላው ቀጥሎና ከባሕታዊው በፊት ነው፤ ድል አድርጎ የመጣ ሰው ተመዝኖ ወደ ጽሞና ይገባል። በዌይት ስብስብ ደግሞ ከዕድል መንኰራኩር ቀጥላ፣ ከተሰቀለው ሰው በፊት ተቀምጣለች፤ መንኰራኩሩ ማንንም ሳይጠይቅ ሲያወጣና ሲያወርድ ከቆየ በኋላ፣ እሷ ከዚህ ውስጥ የዕድል ያልሆነው፣ የእጅህ ሥራ የሆነው የትኛው ነው ብላ ትጠይቃለች። በዚህ ስብስብ ቁጥር የሌለው ያህል የሚታየው ባለ ዜሮው ሞኝ ወደ ጎን ከተተወ፣ ከ11 በፊት አሥር ካርዶች፣ ከ11 በኋላም አሥር ካርዶች አሉ። ፍትሕ እንደ ሚዛን ምላስ መካከል ላይ ቆማለች። ይህ ታስቦበት ይሁን በአጋጣሚ፣ እኔን ከኮከቡ ማብራሪያ ይልቅ ደስ የሚለኝ ይህ ነው።

ካርዱን ከጥንታዊት ግብፅ ጋር ማያያዝ በአጭሩ ሊታለፍ የሚችል ስህተት ነው። ኩር ደ ጄብላን የተባለው ፈረንሳዊ ታሮት የግብፃውያን ካህናት መጽሐፍ ነው ብሎ የጻፈው በ1781 ሲሆን፣ ሻምፖሊዮን የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት መፍታት የቻለው በ1822 ነው። የልብ መመዘኛው ሚዛንና የእውነትና የፍትሕ አምላክ የነበረችው የማአት ላባ በግብፅ መኖራቸው እውነት ነው፤ የታሮት ፍትሕ ግን የተወለደችው በሰሜን ኢጣሊያ የካርታ መጫወቻ ላይ፣ ከአራቱ የክርስቲያን አውሮፓ ዐበይት ምግባራት አንዷ ሆና ነው። ብርታትና ልከኝነት እህቶቿ አብረዋት አሉ፤ አራተኛዋ፣ ማስተዋል፣ ከሃያ ሁለቱ ካርዶች መካከል በስሟ አትገኝም። ላባው በካርዱ ላይ የታየው እንግሊዛዊው የምስጢራዊ ትምህርት ጸሐፊ አሌይስተር ክራውሊ አቅዶት ፍሪዳ ሃሪስ ከ1938 እስከ 1943 በሣለችው ስብስብ ነው፤ ይኸው ስብስብ ቁጥሩን ወደ 8 መልሶ ስሙንም ከፍትሕ ወደ ማስተካከል ቀይሮታል። ክራውሊ ተፈጥሮ ልክ ናት እንጂ ፍትሐዊት አይደለችም ባይ ነበር። «ካርዱ ካርማ ነው፤ የበደለኝ ሰው ዋጋውን ያገኛል» የሚሉ ሰዎች ሳያውቁት የሚያነቡት የክራውሊን ካርድ ይሆናል፤ በዌይት ካርድ ላይ ግን የተቀመጠች ዳኛ አለች፣ በራሱ የሚዞር ሕግ የለም።

ካርዱ ተገልብጦ ሲወጣ ብዙዎች ቶሎ «ተበደልኩ» ይላሉ። የዌይትን የተገልባጭ ትርጉሞች ያየ ሰው ግን የሚያገኘው ሌላ ነው፤ የሕግ ጉዳይ በየዘርፉ፣ የሙግት መወሳሰብ፣ ጭፍንነት፣ አድልዎና ከመጠን ያለፈ ጭካኔ። ከእነዚህ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የተበዳይ ሳይሆኑ የፈራጅ ጉድለቶች ናቸው። በደል ደርሶብኛል ብሎ የተገለበጠውን ካርድ የሚያነሣ ሰው፣ ልጁን፣ ሠራተኛውን ወይም የራሱን ስህተት ከልክ በላይ ጨክኖ የሚቀጣው እሱ ይሆን ብሎ አስቀድሞ ቢጠይቅ ንባቡ ቀና ይሆናል።

የቀረው ስህተት ቸኩሎ ማለፍ ነው፤ ዓይን በሰይፉ ላይ ሲቀር ሌላው ሁሉ ይጠፋል። በሁለት ዓምዶች መካከል፣ ከመጋረጃ ፊት የምትቀመጥ ሌላ ሴት በዚሁ ስብስብ አለች፤ እሷም ቁጥሯ 2 የሆነችው ሊቀ ካህናቷ ናት። ዌይት የአንደኛዋ ዓምዶች ወደ አንድ ዓለም፣ የሌላዋ ደግሞ ወደ ሌላ ዓለም ይከፈታሉ ይላል። የሊቀ ካህናቷ መጽሐፍ በግማሽ በካባዋ ተሸፍኗል፤ የፍትሕ ሚዛን ግን ለሚመለከተው ሁሉ ተንጠልጥሏል። ከሐምራዊው መጋረጃ ኋላ ቢጫ ብርሃን ይታያል። ከቀይ ቀሚሷ ጫፍ ሥር ደግሞ የአንድ እግሯ ነጭ ጫማ ብቅ ብሏል። ተንታኞች ስለዚህች ጫማ ብዙ ብለዋል፤ ለእኔ ግን ዳኛዋ ከወንበሯ ልትነሣ መሆኗን ትመስላለች፤ ሰይፉም ገና አልወረደም።