አንድ እጅጌ የቀረው ሹራብ፦ ጀምራችሁ የተዋችሁትን የእጅ ሥራ ለመጨረስ

ባለፈው ዓመት ሐዋሳ ያለውን ቤታችንን ቀለም ልናስቀባ ዕቃ ስናወጣ ከአልጋ ሥር አንድ ማዳበሪያ ወጣ። ውስጡ ያለው በሙሉ የእኔ የእጅ ሥራ ነው። ምንጣፍ ላይ ዘረገፍኩትና ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ። ግማሽ የደረሰ የሶፋ ዳንቴል፣ ዚፕ ያልገባለት ጉርድ ቀሚስ፣ ተቆርጦ ያልተሰፋ የትራስ ልብስ፣ ሌላም ሌላም። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ለእህቴ ልጅ የጀመርኩት ቢጫ ሹራብ ነው። ጀርባው አልቋል፣ ደረቱ አልቋል፣ አንድ እጅጌ ብቻ አለው። ለክርስትናዋ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ስለሆነ በቂ ጊዜ ነበረኝ። አሁን ልጅቷ ግቢ ውስጥ ዶሮ ታባርራለች።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኙንም ቋጭቻለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ለምን አልጨረስሽም ስንባል "ጊዜ የት አለኝ" ነው መልሳችን። እኔም እንደዛ ነበር የምለው። ማዳበሪያውን ስዘረግፈው ግን አንድ ነገር አየሁ። ሁሉም የቆሙት የሚከብደኝ ቦታ ላይ ነው። ቀሚሱ ዚፑ ጋ፣ ሹራቡ ሁለተኛው እጅጌ ጋ፣ ዳንቴሉ ደግሞ አበባዎቹን ማገጣጠም ሲመጣ። ጊዜማ ነበረኝ፤ በዚያው ሰሞን እኮ አዲስ ነገር ጀምሬያለሁ! አዲስ ሥራ መጀመሪያው ቀላል ነው፣ ክሩም ያምራል፣ እጅም ይፈጥናል፣ ከባዱ ቦታ እስኪመጣ ድረስ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚፈለገው እያንዳንዱ ሥራ የቆመበት ቋጠሮ ነው።

አንድ ቅዳሜ ምረጡና ሁሉንም አውጡ። በየፌስታሉ ያለውን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የተወሸቀውን፣ እናታችሁ ቤት የተረሳውን ሳይቀር። ለእያንዳንዱ ብጣሽ ወረቀት ጻፉና በመርፌ ቁልፍ እላዩ ላይ አያይዙት። ወረቀቱ ላይ "ቀሚሱን መጨረስ" ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ እሱን ስታነቡ ድካም ነው የሚመጣባችሁ። የሚቀጥለውን አንድ እርምጃ ብቻ ጻፉ። የእኔ ቀሚስ ላይ የጻፍኩት "20 ሳንቲ ሜትር ጥቁር ዚፕ ግዢ" ነበር። በቃ። ለካ ያንን ቀሚስ ስምንት ወር ያስቀመጠው አንድ ዚፕ ነው! ለኪሮሽ ሥራ የኪሮሹን ቁጥር ጻፉ፣ ለሹራብ ስንተኛው ረድፍ ላይ እንዳላችሁ ጻፉ። አስታውሰዋለሁ አትበሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የትኛው ረድፍ ላይ እንደቆማችሁ ማንም አይነግራችሁም።

ቀጥሎ መለየት ነው። እዚህ ላይ ለራሳችሁ እውነቱን ተናገሩ። የማትወዱት ቀለም፣ የማይሆናችሁ ልክ፣ ለማን እንደጀመራችሁት የጠፋችሁ ነገር ካለ ይፈታ። ሹራብም ዳንቴልም መፍታት ኪሳራ አይደለም፤ ክሩ ተመልሶ ይገኛል። ሲፈታ ግን ክሩ እንደ ጸጉር ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው። በዚያው ከሠራችሁበት አዲሱ ሥራ ወጣ ገባ ይሆናል። ስለዚህ ክሩን በወንበር መደገፊያ ዙሪያ አጠንጥኑት፣ እንዳይተበተብ አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩትና ጨመቅ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ ስቀሉት። ሲደርቅ ይለሰልሳል። የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም፤ እሱን ለሚፈልግ ሰው ስጡ።

ከተለየው ውስጥ ሦስት ብቻ አስቀሩ። ሌላውን ከወረቀቱ ጋር ጠቅልላችሁ ከዓይን አርቁት። ሦስቱ ግን አንድ ዓይነት አይሁኑ፤ እኔን የጠቀመኝ ዋናው ነገር ይሄ ነው። አንዱ ዓይን የማይፈልግ፣ እያወራችሁ የምትሠሩት ይሁን። ቡና ሲፈላ፣ ክሊኒክ ወረፋ ስትጠብቁ፣ ማታ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ነፋስ ልትቀበሉ ስትወጡ በቦርሳ የሚያዝ። ለእኔ የዳንቴሉ አበባዎች ነበሩ፣ አንዱ አበባ ትንሽ ጊዜ ነው የሚፈጀው። ሁለተኛው ቆጠራ ያለበት፣ ጸጥታ የሚፈልግ ይሁን። እሱን ልጆች ከተኙ በኋላ ነው። ሦስተኛው ስፌት መኪና ላይ ያለው ነው።

የመኪናው ሥራ በመብራት ነው የሚታቀደው፣ ይሄን እዚህ አገር ማንም ያውቀዋል። መብራት ሲኖር ካውያና መኪና፤ ሲጠፋ መዘምዘም፣ ቁልፍ መትከል፣ ክር መቋጨት። እኔ በእጅ የሚሠራውን ሁሉ በአንድ ካርቶን አስቀምጣለሁ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ካርቶኑን ይዤ መስኮት ሥር ቁጭ ነው። የእግር መኪና ያላችሁ ደግሞ ታድላችኋል።

ጎረቤቴ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠርታለች፣ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው። መስመር ላይ አንዱ ኮሌታ ብቻ፣ ሌላው እጅጌ ብቻ ነው የሚሰፋው። አንድ ቀን ቀሚሱን አንስቼ፣ ትራሱን አንስቼ፣ በየሥራው ክር ስቀይር አየችኝና "እትዬ፣ ነጩን ክር አንዴ ካስገባሽ በነጭ የሚሰፋውን ሁሉ ጨርሺዋ!" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ ካውያ የሚፈልገውን ሁሉ በአንድ ቀን እተኩሳለሁ፣ በአንድ ቀለም የሚሰፋውን ሁሉ ለአንድ ቀን አጠራቅማለሁ። ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ አክሪሊክ ክር የጋለ ካውያ ከነካው ተጨፍልቆ ይቀራል፣ አይመለስም። እሱን እርጥብ አድርጋችሁ በቅርጹ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት።

አሁን ወደ ከባዶቹ ቦታዎች።

ሁለተኛ እጅጌ። መፍትሔው ሁለተኛ እጅጌ እንዳይኖር ማድረግ ነው። ሁለቱንም እጅጌ አንድ መርፌ ላይ ጎን ለጎን ጀምሯቸው፣ ለእያንዳንዱ የራሱን የክር ጥቅል ይዛችሁ። አንዱን ረድፍ በመጀመሪያው እጅጌ ትሠራላችሁ፣ ክር ትቀይራላችሁ፣ ያንኑ ረድፍ በሁለተኛው ትሠራላችሁ። መጀመሪያ ላይ ክሮቹ ይጠላለፋሉ፤ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ አስቀምጡ። ሲያልቁ አብረው ያልቃሉ፣ ቁመታቸውም እኩል ነው። ካልሲም እንደዚሁ ይሠራል።

ዚፕ። በቀጥታ መኪና ላይ አትውሰዱት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መጀመሪያ ዚፑ የሚገባበትን ስፌት በሰፊው በእጅ ዘምዝማችሁ ዝጉትና ተኩሱት። ከዚያ ዚፑን ከውስጥ በኩል አስተካክላችሁ አስቀምጡና እሱንም ዘምዝሙት። ከዚያ ነው ወደ መኪና፣ በዚፕ እግር፣ ማለትም ዚፕ ለመስፋት መኪናው ላይ በሚገጠመው እግር። መጨረሻ ላይ የዘመዘማችሁትን ትፈታላችሁ። ጊዜ የሚፈጅ ይመስላል፣ ግን ተጣሞ የገባ ዚፕ መፍታት ከዚህ ይብሳል።

ማገጣጠምና ክር መደበቅ። ሠላሳ አበባ ሠርታችሁ ስድሳ የተንጠለጠለ ክር ስታዩ ማን ይቀጥላል? እያንዳንዱን አበባ እንደጨረሳችሁ ወዲያው ጫፉን በመርፌ ወደ ውስጥ አስገቡ፣ አምስት ስትሞሉ አገጣጥሙ። ያኔ ዳንቴሉ ዓይናችሁ እያየ ያድጋል።

አንድ ቀላል የሚመስል ነገር ደግሞ አለ። ሥራውን የምታስቀምጡት ከባዱ ላይ ስትደርሱ አይሁን። ከባዱን ትንሽ ጀምሩት፣ ሁለት ረድፍም ቢሆን ሂዱበት፣ ከዚያ አስቀምጡ። በማግስቱ ስታነሱት የምትቀጥሉት ነገር ታገኛላችሁ። ስታስቀምጡ ደግሞ የኪሮሽ ሥራ ላይ የሚቀረው ክፍት ቀለበት አንድ ብቻ ስለሆነ መርፌ ቁልፍ ከገባበት አይፈታም። ሹራብ ግን ሁሉም ቀለበት ክፍት ነው። መርፌውን ከፈለጋችሁት በቀለበቶቹ ውስጥ ሌላ ቀለም ክር አሳልፉና ጫፍና ጫፉን እሰሩት።

ከቻላችሁ ግን መርፌውን አታውጡት። ከየቁጥሩ አንድ አንድ ኪሮሽና አንድ አንድ ጥንድ የሹራብ መርፌ ብቻ ይኑራችሁ። ቁጥር 4 መርፌ ሹራቡ ላይ ተሰክቶ ካለ አዲስ ነገር በቁጥር 4 አትጀምሩም። እኔ ትርፎቹን ለጎረቤት ልጆች ሰጠሁ።

አዲስ ክርስ? ገበያ ወጥቶ ክር አይቶ ማለፍ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ አንድ ካልጨረስኩ አንድ አልገዛም። ይህን የማፈርሰው ለጀመርኩት ሥራ ክር ሲያንሰኝ ብቻ ነው፣ ያኔ ፈጥኖ መግዛት ያስፈልጋል። የጥቅሉ ወረቀት ላይ የቀለም ነከራ ቁጥር አለ፣ ቁጥሩ ከተለየ ያው "ቢጫ" የተባለው ክር ሹራቡ ላይ ሌላ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ወረቀቱን አትጣሉ።

ቀንም አስይዙት። ቀኑ ደግሞ የሰው ይሁን፤ ልደት፣ ክርስትና፣ እንቁጣጣሽ። እኔ የሶፋውን ዳንቴል ለሐምሌ ገብርኤል አደረስኩት። ለ19 ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ እኛም ቤት ከአዲስ አበባ ዘመድ ይመጣል። ጥሩ ቀጠሮ ሆነልኝ።

ቢጫው ሹራብ ግን ለልጅቷ አልሆናትም ነበር። ፈታሁት፣ አጠብኩት፣ ክሩ ስለማይበቃ ነጭ ክር ጨምሬ በመስመር በመስመር አድርጌ በልኳ እንደገና ሠራሁት። እጅጌዎቹን አንድ ላይ። ያለቀ ዕለት ዝናብ አባርቶ ብርድ ነበር። እህቴ ልታለብሳት ስትል እንቢ አለች፣ ቁልፉን ራሷ ካልቆለፈች። አንድ ቁልፍ አዛንፋ ቆለፈችና እንደዛው ወደ ዶሮዎቹ ሮጠች።