ለልጆች የተያያዘ ስም ማውጣት፦ ከአባት ስም እስከ ቁልምጫ

ለአንድ ልጅ የሚያምር ስም ማግኘት አይከብድም፤ የሚያስቸግረው ሦስተኛው ልጅ ላይ ነው። በኩሩን «ብሥራት»፣ ተከታይዋን «ልደት» ያለ ቤተሰብ በበዓላት መንገድ ገብቷል። ቀጥሎ «ሆሣዕና» እና «ትንሣኤ» አሉለት፤ «ስቅለት» ብሎ ልጁን የሚጠራ ግን የለም። ተራ ያለው ሐሳብ እንዲህ መሐል ላይ ይሰበራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልጅ ስም ከመጽደቁ በፊት ለወንድ 3፣ ለሴት 3፣ ለሁለቱም የሚሆን 2፣ በጠቅላላው 8 ስም ወረቀት ላይ አስፍሩ። ስምንቱ ካልሞሉ የመረጣችሁት ሐሳብ ጠቧል፤ አንድም ልጅ ሳይሰየምበት ሌላ ፈልጉ።

መነሻው የአባት ስም ይሁን

እኛ ዘንድ ከትውልድ ትውልድ የሚሻገር የቤተሰብ ስም ስለሌለ፣ ልጆቹን ሁሉ በወረቀት ላይ የሚያገናኛቸው የአባታቸው ስም ነው። ያ ስም አይለወጥም፤ የልጆቹ ስም ሁሉ እሱ ላይ ይገጥማል። ደግነቱ፣ በአማርኛ ሁለቱ ስሞች ሲገጥሙ ብዙ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይወጣቸዋል። አባት «ታደሰ» ከሆነ ሕይወት ታደሰ፣ ኪዳን ታደሰ፣ ተስፋ ታደሰ እያሉ መቀጠል ይቻላል። «ደረሰ» ለሚባል አባት ፋሲካ፣ በረከት፣ ምሕረት ይስማማሉ። ደንቡ ቀላል ነው፤ የአባት ስም ግሥ ከሆነ የልጆቹን ስም የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አድርጉት። የአባት ስም እንደ «ብርሃኑ» ያለ ከሆነ ደግሞ ግሡን ልጆቹ ይያዙት፦ አበራ ብርሃኑ፣ ደመቀ ብርሃኑ።

የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። አባት «ዘገየ» ከሆነ ምሕረት፣ ተስፋና ፍቅር ሦስቱም የሚያምሩ ስሞች ናቸው፤ ከአባታቸው ጋር ሲነበቡ ግን ምሕረቱም ተስፋውም ፍቅሩም ዘገየ። «ከበደ» ድሮ ክብርና ግርማን ለማለት ወጣ፤ ዛሬ «ሕይወት ከበደ» ሲባል የሚሰማ ጆሮ ወደ ኑሮ ውድነት ይሄዳል። እያንዳንዱን ስም ከአባቱ ስም ጋር በተራ፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ የትምህርት ቤት ስም ጠሪ እንደሚጠራው አድርጋችሁ አንብቡት። በዓይን ብቻ የተነበበ ስም ያሳስታል።

በትርጉም ማያያዝ፣ በድምፅ መለያየት

የሰመረ የስም ትስስር በትርጉም የቀረበ፣ በድምፅ የራቀ ነው። የብርሃንን ነገር ውሰዱ፦ ብርሃን፣ ጸዳለ፣ ፋና፣ ንጋቱ፣ ኮከብ፣ ፀሐይ። ሁሉም ከአንድ ምንጭ ናቸው፤ ግን ከጓዳ ሆነው አንዱን ሲጠሩት ሌላው አይዞርም። በተቃራኒው ናትናኤል፣ ሳሙኤል፣ ዳንኤል፣ አማኑኤል በመጨረሻ ድምፃቸው አንድ ስለሆኑ ከሩቅ ሲጠሩ የሚሰማው «…ኤል» ብቻ ነው።

ይህ ልማድ አዲስ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሴቶች ልጆች ተናኘወርቅና ዘነበወርቅ ይባሉ ነበር፤ በአንዷ ስም ወርቁ ተናኘ፣ በሌላዋ ዘነበ። የመጨረሻዋ ሴት ልጃቸው ፀሐይ ሆነች፤ የወርቁ ቃል ቀረ፣ ማብረቁ አልቀረም። ሐሳቡ ሲያልቅ በጎረቤቱ ትርጉም መቀጠል እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም። ከዚያም በፊት፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ የልብነ ድንግል ልጆች ገላውዴዎስና ሚናስ ተከታትለው ሲነግሡ የመንግሥት ስማቸው አጽናፍ ሰገድ እና አድማስ ሰገድ ተባለ። አባታቸው ወናግ ሰገድ ነበርና «ሰገድ» ከእሱ መጣ፤ ዳርቻን የሚሉት አጽናፍና አድማስ ደግሞ ወንድማማቾቹን አቀራረቡ።

ወንድና ሴት ለሚጠብቅ ቤት የሚመቸው «ነህ» እና «ነሽ» ነው፦ በላይነህና በላይነሽ፣ ወርቅነህና ወርቅነሽ፣ ብርቅነህና ብርቅነሽ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ያንኑ ቃል ለሁለት ልጆች እንዳትደግሙ ነው። ወንዱ በላይነህ ከሆነ እህቱ ወርቅነሽ ትሁን፤ በላይነሽ ካላችኋት ዕድሜ ልኳን የወንድሟ ቅጂ ትመስላለች።

ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚወስዱ ወላጆች በእውነት ወንድምና እህት የነበሩትን ቢመለከቱ ይጠቀማሉ። ማርታ፣ ማርያምና አልዓዛር ሦስቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሙሴ፣ አሮንና ማርያምም እንዲሁ። ዮሴፍና ብንያም የራሔል ልጆች፣ ምናሴና ኤፍሬም የዮሴፍ ልጆች ናቸው። ልያና ራሔል እህትማማቾች ቢሆኑም የአንድ ባል ሚስቶች ስለነበሩ፣ ለሁለት ሴቶች ልጆች ባይሰጥ እንመርጣለን። የቦታ ስምም ሰፊ ነው፦ ቤተልሔም፣ ናዝሬት፣ ገሊላ፣ ዮርዳኖስ፣ ኤደን፣ ሲና። ለሁለት ወንዶች ግን ታቦርና ሄርሞንን የሚያህል የለም፤ መዝሙረ ዳዊት 88፥12 ሁለቱን ተራሮች በአንድ ትንፋሽ ይጠራቸዋልና።

በሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ የዐረብኛው ሥረ ቃል ያንኑ ሥራ ይሠራል። ራህመትና አብዱራህማን ከእዝነት ሥር የወጡ እህትና ወንድም ይሆናሉ። አብዱራህማንና አብዱልከሪምን ወንድማማች ካደረጋችሁ ግን ሰፈሩ ሁለቱንም «አብዱ» ይላቸዋል።

ቁልምጫውና መነሻ ፊደሉ

ልጅ ቤት ውስጥ የሚጠራው በሙሉ ስሙ አይደለም። መሠረትም መስከረምም «መሲ» ናቸው። ሰላምና ሰላማዊት «ሰሊ» ይሆናሉ። ብሩክና ብሩክታዊት ከአንድ ሥር ስለወጡ ያምራሉ፤ ሲቆላመጡ ግን ሁለቱም «ብሩኬ» ናቸው። ከስምንቱ ስሞች አጠገብ ቁልምጫቸውን ጻፉና ሁለት ጊዜ የመጣውን አንዱን ሰርዙ።

መንታ ከሆኑ በተለየ ፊደል የሚጀምሩ ስሞችን ምረጡ። የመንታ የልደት ቀንም የአባት ስምም አንድ ነው፤ የስሙ መነሻ ፊደልም አንድ ከሆነ ክሊኒክ ውስጥ የአንዱ የክትባት ካርድ የሌላውን ሊመስል ይችላል።

አጻጻፉን መጀመሪያ መቁረጥ

ፀሐይ በ«ፀ»፣ ጸጋና ጽዮን በ«ጸ»፣ ሕይወት በ«ሐ»፣ ኃይሉ በ«ኀ»፣ ሥላሴ በ«ሠ»፣ ሰላም በ«ሰ» ይጻፋሉ። ይህን ከልደት ምዝገባው በፊት ቁረጡ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ክርስትና ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ስለሆነ ሁለቱም ከዚያ በፊት ይደርሳሉ። የክርስትናውን ስም ከዓለሙ ስም ጋር ለማዛመድ አትድከሙ፤ እሱ በዕለቱ ታቦት ይወሰናል፣ የራሱ መንገድ አለው።

ውጭ አገር የሚወለዱ ልጆች ላይ የአባትን ስም በላቲን ፊደል ከአባትየው ፓስፖርት ፊደል በፊደል ገልብጡ። «ጸጋዬ» አንዱ ልጅ ላይ በአንድ መንገድ፣ ሌላው ላይ በሌላ መንገድ ከተጻፈ በሰነድ ላይ የተለያየ አባት ያላቸው ይመስላሉ። አዲስ አበባ የተወለደው በአባቱ ስም፣ አሜሪካ የተወለደችው በአያቷ ስም ልትመዘገብም ትችላለች፤ ያኔ «ተስፋ ታደሰ» ብላችሁ ያቀዳችሁት ዓረፍተ ነገር ሌላ ቃል ይገባበታልና ከአያትም ስም ጋር አንብቡት። እስራኤል ያሉ ቤተሰቦች ትርጉሙን ይዘው ቋንቋውን መሻገር ይችላሉ፦ ለብርሃኑ ታናሽ ወንድም «ኦር» ወይም «መኢር» የሚሉት የዕብራይስጥ ስሞች ሁለቱም ከብርሃን የወጡ ናቸው።

ትልቁ አስቀድሞ ከተሰየመ

ሳይታሰብበት ለተሰየመ በኩር የሚያያዝ አይጠፋም። ዳዊት ካለ ሩት ቅድመ አያቱ፣ እሴይ አባቱ፣ ሰሎሞን ልጁ ናቸውና ሦስት ስም አገኛችሁ። ወይም ስሙን በትልቁ ልጅ አንደበት አውጡት፤ «ወንድማገኝ»፣ «ወንድሜነህ» የመሳሰሉት ወንድም ላገኘ ልጅ የወጡ ይመስላሉ። «ምትኩ»፣ «ካሳ»፣ «ማስረሻ» ግን ብዙ ጊዜ ከሐዘን በኋላ የሚወጡ ስሞች ናቸው። አንዱ ልጅ ይህን ስም ይዞ ከሆነ ሐሳቡን በተከታዮቹ ላይ አትቀጥሉት፤ ለእነሱ ከደስታ በኩል ሌላ ጀምሩ።

ከሁሉ ይልቅ ይህ ሥራ የሚጠቅመው በእናት ብቻ ለሚገናኙ ልጆች ነው። በእኛ የስም አወጣጥ እነሱን የሚያገናኝ ቃል በመታወቂያቸው ላይ የለም፤ የአባታቸውም የአያታቸውም ስም ይለያያል። ታላቋ ፋና ሆና ታናሹ ንጋቱ ሲባል ዝምድናው በገዛ ስማቸው ላይ ይጻፋል። እዚህ ላይ ንባቡ እጥፍ ነው፤ ስምንቱንም ስሞች በሁለቱም አባቶች ስም አስከትላችሁ፣ 16ቱንም ጥምረት ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው።